አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ሁለት ሳምቡሳ

ቻይናዎች ምን እንደሚበሉ የማይነግራችሁ ሰው የለም። ቀምሶ የሚነግራችሁ ግን ከመቶ አንድ ብታገኙ ነው። ካምፕ በተተከለበት ከተማ ሁሉ ውሻ ጠፋ ይባላል፤ እባብ ተጠበሰ ይባላል። የአህያው ጉዳይማ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቢሾፍቱ ላይ የቻይናዎች የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ሕዝቡ አጉረመረመና በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። ሥጋው ወደ ውጭ ሊላክ እንጂ እዚህ ለማንም ሳህን የታሰበ አልነበረም። ይህቺን የመጨረሻ ነገር ግን ወሬውን የሚያወሩልን ሰዎች ሁልጊዜ ይዘሏታል። መቼም የጎረቤትን ድስት ከፍቶ ከማየት በጭሱ መፍረድ ይቀላል።

ይህ ወሬ ሌላ ቦታ ቢወራ አይገርመኝም፤ ሚኤሶ ላይ ሲወራ ግን ይገርመኛል። ለምን ቢባል፣ ሚኤሶ ቻይናን በሩቁ የሰማች ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚወጣው ዳገት ሳይጀምር ቆላው ላይ የተቀመጠች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። የግመልና የፍየል ገበያዋ የታወቀ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲሠራ በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ሥራ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተካፈሉት፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ድንበሯ ደወሌ። ሁለቱ ሐዲዶች የተጨባበጡት ሚኤሶ ላይ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሐዲድ ከሐዲድ ሲጨባበጥ ሰው ከሰው እንዴት አንድ ማዕድ ሳይቀርብ ቀረ? ዛሬ ሚኤሶ ብትወርዱ የፍየል ጥብስ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የግመል ወተት ታገኛላችሁ። ፓስታው የጣሊያን ትዝታ ነው። ሳምቡሳው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ባለቤት ሆኗል። ከቻይና የቀረ አንድ ጉርሻ ግን አላየሁም።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ የካንቶን ምግብ ቤት የሄድኩት። ብቻዬን አልሄድኩም። መስመሩ ሲሠራ ሦስት ዓመት ያህል ገልባጭ መኪና የነዳ የሚኤሶ ልጅ ወዳጅ አለኝ፤ እሱን ይዤ ሄድኩ። የቤቷን ስም አልጽፍም። ስምንት ጠረጴዛ ያላት ቤት ጋዜጣ ላይ ስትወቀስ መልስ የምትሰጥበት ሌላ ጋዜጣ የላትም፤ እኔ ደግሞ የምወቅሳት ነገር አለኝ።

አስቀድሜ ስለ ምግቡ። እኛ ዘንድ “ቻይና ምግብ ቤት” ሲባል ሰው የሚያስበው የተጠበሰ ሩዝ፣ ኑድል፣ ቢበዛ ደግሞ በሚጥሚጣ የነደደውን የሲቹዋን ምግብ ነው። የካንቶን ሰዎች ሌላ ናቸው። ካንቶን የሚባለው የዛሬው ጓንግዶንግ ነው፤ በደቡብ ቻይና ከሆንግ ኮንግ ጋር የሚዋሰን የባሕር ዳር አገር። ዋና ከተማውን ጓንግዡን የመርካቶ ነጋዴ ከብዙ የገዛ አገሩ ከተሞች አብልጦ ያውቀዋል። እዚያ ሰው ጠዋት ጠዋት “ሻይ እንጠጣ” ብሎ ይጠራራል፤ በቋንቋቸው “ያም ቻ”። ሻይ እንጠጣ ማለት ግን ሻይ ብቻ ማለት አይደለም፤ እኛም “ቡና እንጠጣ” ስንል ቡናው ሰበብ እንደሆነው ሁሉ። ከሻዩ ጋር በክብ በክብ የቀርከሃ እንፋሎት ማብሰያ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እየሆነ የሚቀርበው ቁርሳ ቁርስ ነው “ዲም ሰም” የሚባለው። ቃሉ ሲፈታ ልብን መንካት እንደማለት ነው። ሆድ የሚሞላ ሳይሆን ልብን ነካ አድርጎ የሚያልፍ። ድሮ ተራው ሰው ሻይ ቤት ሲገባ የሚያዘው “አንድ ስኒ፣ ሁለት ቁራሽ” ነበር፤ ክዳን ያለው አንድ ስኒ ሻይና ሁለት ዓይነት መክሰስ።

“አቦ ይሄማ የኛ ነው!” አለ ወዳጄ፤ ይህን ስነግረው። “አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ሁለት ሳምቡሳ። ሌላ ምን አለ?”

እውነቱን ነው። የሐረርጌን የሻይ አግዳሚ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሄልና ቀረፋ የገባበት፣ ስኳሩ የማይቆጠር ሻይ ይቀዳል። የምስር ወይም የሥጋ ሳምቡሳ በትሪ ይመጣል። ወደ ድሬዳዋ ዘለቅ ስትሉ ባጊያው፣ ፈጢራው፣ ስኳር የጠገበው ሙሸበክ ይጨመራል። ደጋው ላይ ደግሞ ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው ተፈልቶ ወተት የሚገባበት ሆጃ አለ። ሜኑ የለም። የምታዩትን ታነሳላችሁ፤ ስትጨርሱ የበላችሁት ተቆጥሮ ትከፍላላችሁ። ሆንግ ኮንግም ሴቶቹ ድሮ በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ትሪ፣ በኋላም በጋሪ እየገፉ በየጠረጴዛው ይዞሩ ነበር፤ ሒሳቡም በባዶ ሳህን ቁጥር ይሠራ ነበር። ጋሪው ዛሬ በብዙ ቤቶች ቀርቶ በወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ መጥቷል። ሻይ ሲቀዳላቸው አፋቸው ምግብ ይዞ “አመሰግናለሁ” ማለት ካቃታቸው በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርጋሉ። ሻዩ ሲያልቅ ማንንም አይጣሩም፤ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ገለጥ አድርገው መተው ነው፤ አስተናጋጁ አይቶ ይሞላል። በዓለም ላይ የሐረርጌ ሰው ሳይማር የሚገባው የውጭ ምግብ ቤት ቢኖር ይሄ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው። ባለቤቶቹ ከጓንግዶንግ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ሊጥ ይዳምጣል፤ እሷ እንፋሎቱን ትጠብቃለች። ሜኑው በቻይንኛ ነው፤ ጎኑ ላይ የደበዘዘ ፎቶ አለ። ፎቶዎቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚበዛው ምግብ ነጭ ነው። ከአራት ነጭ ነገር የትኛው ምን እንደያዘ መለየት ሎተሪ ነው።

መጀመሪያ የመጣው በሽሪምፕ የተሞላው ነው፤ “ሃር ጋው” ይሉታል። ቤቱን መፈተኛ ይሄ ነው። ሊጡ ከተጣራ የስንዴ ስታርች ስለሚሠራ እንፋሎት ሲነካው ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ ያለው ሮዝ ቀለም እንደ ሻማ ይታያል። ጥሩ ባለሙያ ቢያንስ ሰባት እጥፋት ያወጣለታል ይባላል። የኛን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ነው። እጁ ላይ ነቀፋ የለኝም። ነቀፋዬ ሽሪምፑ ላይ ነው። ባሕር የሌለው አገር ላይ በበረዶ ተቀምጦ የመጣ ሽሪምፕ ጥርስ ላይ መንጠር ሲገባው እንደ ተቀቀለ ድንች ይለግማል። ሊጡ የተጠበበበትን ያህል ውስጡ አልተከበረም።

ቀጥሎ የመጣው የሩዝ ሊጥ ጥቅል ከሁሉ በለጠ። የሩዝ ዱቄት በውኃ ቀጥኖ ጨርቅ በመሰለ ስስ ንጣፍ ይበስልና ይጠቀለላል፤ ላዩ ላይ ጣፈጥ ያለ ሶያ ሶስ ይፈሳል። በሹካ ስትነኩት ያመልጣል። ወዳጄ “ይሄማ ያልተጠበሰ ፈጢራ ነው” አለና ሁለቱን እንጨቶች ጥሎ በእጁ በላው። ባለቤቷ ከወጥ ቤቱ በር አይታ ሳቀች። የነጭ ፍጅሉ ቂጣም ሌላ ነገር ነው። ፍጅል እኛ አገር ሰላጣ ላይ ጣል ከመደረግ ያለፈ ማዕረግ አግኝቶ አያውቅም። እዚህ ተፍቆ ከሩዝ ዱቄት ጋር በእንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያ ተቆርጦ ይጠበሳል። ጫፉ ኮሽ ይላል፤ ውስጡ ይቀልጣል።

የዶሮ እግሩ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ተያየን። እኛ ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርገን የምንቆጥር፣ ብልቱ የጎደለ ዶሮ ወጥ ያቀረበችን ሙሽራ እስከ ልጅ ልጇ የምናማ ሕዝቦች ነን፤ ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ እግሩን ለድመት እንወረውራለን። ካንቶኖች ይጠብሱታል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ጨው ውስጥ ከከረመ ጥቁር አኩሪ አተር ጋር በእንፋሎት ያበስሉታል። የሚበላ ሥጋ አለው ብዬ አልዋሻችሁም። የሚበላው ቆዳው ነው፤ የሚጣፍጠውም ከአጥንት መላቀቁ ነው። ቋንጣ እያላመጠ የሚያወራ ሰው ይገባዋል። ጥርስ ሥራ ያገኛል፤ ጨዋታው አይቸኩልም።

ሻዩ ላይ ግን ተጣላን። ቦሌ የሚሉት፣ በሌላው ቻይና ፑኤር የሚባለው ጥቁር ሻይ ነው (የኛን ቦሌ አይደለም)። ታምቆ የከረመ ቅጠል ስለሆነ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፤ የቅባቱን ምግብ ያጥባል። ስኳር የለውም። ወዳጄ አስተናጋጇን ጠራና “አንቺ፣ ስኳር ረስታችኋል” አላት። መጣለት። ሦስት ማንኪያ አማሰለበት። ተመልካች ሁሉ ቢስቅ አልገረመኝም፤ እኔ ግን ከሱ ጋር ነኝ። ሻይ የጠጪው ነው።

እዚህ ድረስ ደስ ብሎን ነበር። ችግሩ የመጣው ከአሳማው ጋር ነው።

የዲም ሰም ግማሽ ያህሉ አሳማ ነው። ፊቱን ክፍት አድርጎ የሚቀመጠው “ሲው ማይ” አሳማ ነው፤ በእንፋሎት የተነፋው ነጭ ዳቦ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ጥብስ አሳማ ነው፤ ሽሪምፑ ውስጥ እንኳ እንደ ባህሉ ትንሽ የአሳማ ጮማ ይገባል። እነዚህን አልቀመስኩም፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ወዳጄ ገና ከመቀመጣችን አስተናጋጇን “አሳማ የሌለበት የቱ ነው?” ብሎ ጠይቋት ነበር። “የለበትም” አለችው፤ ቶሎ ብላ። የሐረርጌ ሰው ቶሎ ያለ መልስ አይወድም። “እህቴ፣ ገብተሽ ጠይቂልኝ” አላት። ገብታ ቀረች። በኋላ ባለቤቷ ራሷ እርሳስ ይዛ ወጣችና ሜኑው ላይ በየምግቡ ጎን ትንሽ አሳማ መሳል ጀመረች። ጅራቷ የተጠመዘዘ፣ የልጅ ስዕል የምትመስል አሳማ። ከሃያ ሁለቱ ምግብ አሳማ ያልተሳለበት ሰባት ቀረ። ከሰባቱ ሁለቱ ዶሮ ነበሩ፤ የዶሮ እግሩን ጨምሮ።

“ዶሮውን ማን አረደው?” አለ ወዳጄ።

ይህን ጥያቄ የሚገባው እዚህ አገር ያደገ ሰው ብቻ ነው። በኛ አገር ሥጋ ሃይማኖት አለው። ከአንድ በሬ ሁለት ጎረቤታሞች የማይበሉበት፣ በሠርግ ቀን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት የሚጣድበት አገር ነው። ይህን ያህል ተከባብረን የኖርነው ስለማንጠያየቅ አይደለም፤ ስለምንጠያየቅና እውነተኛ መልስ ስለምንሰጣጥ ነው። ሴትዮዋ መልሱን አላወቀችውም፤ አልዋሸችም። ወዳጄ ዶሮውን ተወው፤ ቁልቋል ለመሰለው እግር ለብቻዬ ቀረሁ። እኔ ደግሞ በተራዬ ሽሪምፑ ላይ ትንሽ ማመንታት ነበረብኝ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በእናቴ ቤት አይገባም ነበርና። እሱ ሽሪምፑን ያለ ሐሳብ መብላት ይችላል፤ ግን ጮማ አለበት። ዞረን ዞረን ሁለታችንም ያለ ጥያቄ በእኩል የበላነው የሩዙን ጥቅልና በሰሊጥ የተለበጠ ጣፋጭ ኳስ ነው። አንድ ስኒ፣ ሁለት ቁራሽ!

ታዲያ ይህ የአሳማ ነገር መፍትሔ የሌለው አይደለም። ጓንግዡ ከዓረብና ከፋርስ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎችን ከሺህ ዓመት በላይ ያስተናገደ ወደብ ነው፤ ሁዋይሼንግ የሚባለው መስጊዱ ከቻይና ጥንታዊ መስጊዶች አንዱ ነው። ሆንግ ኮንግ ዋን ቻይ ሠፈር ባለው መስጊድ ፎቅ ላይ የሐላል ዲም ሰም የሚሸጥ መመገቢያ አለ፤ አሳማውን በዶሮና በበሬ ተክተው ያው ሊጥ፣ ያው እጥፋት። ካንቶን ድስቱን ለሌላ ሰው እምነት ማስተካከል አያቅተውም። ለማን እንደሚያበስል ከወሰነ ማለቴ ነው።

የሚኤሶም ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካንቶኖችና ባቡር የቆየ ትውውቅ አላቸው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር መስመር ምዕራባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1869 ሲሠራ ከ10 ሺህ በላይ ቻይናውያን ተራራ ፈንቅለዋል፤ አብዛኞቹ ከጓንግዶንግ ነበሩ። ውኃ አፍልተው ሻይ ስለሚጠጡ ሌላውን ሠራተኛ የሚጥለው የሆድ በሽታ እነሱን ያን ያህል አልደፈረም ይባላል። ወደ ፔሩ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ በግዳጅ በሚመስል ውል የተጋዙት ደግሞ ውላቸው ሲያልቅ ድስት ጣዱ። ዛሬ ሊማ ውስጥ “ቺፋ” የሚባሉ የካንቶን ቤቶች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ የፔሩ ሰው የአገሬ ምግብ ነው ይላቸዋል። ለኛ የሚቀርበው ግን ማዳጋስካር ነው። ፈረንሳዮች ልክ የኛን ባቡር በጀመሩበት ዘመን እዚያም መንገድና ባቡር ሊሠሩ ቻይናውያን ሠራተኞችን አስመጡ። አብዛኞቹ ወይ ሞቱ ወይ ተመለሱ፤ ከጓንግዶንግ በራሳቸው የመጡ ባለ ሱቆች ግን በምሥራቁ ዳርቻ ቀሩ። አሁን “የቻይና ሾርባ” የማዳጋስካር የመንገድ ዳር ምግብ ነው።

እነዚህ ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱት ምግባቸውን ለዓለም ለማስተዋወቅ አይደለም። መመለሻ ስላልነበራቸው ነው። ምግብ ቤት የሚከፍተው የመመለሻ ትኬት የሌለው ሰው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ በአዳምስ ሞርጋንና በዩ ስትሪት እንጀራን ለፈረንጅ ያስለመዱት የኛ ሰዎች እነማን ናቸው? ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አገር ጥለው የወጡ፣ ዲግሪያቸው ያልሠራላቸው፣ ለመኖር ያህል ምጣድ የጣዱ ናቸው። ኤምባሲው አይደለም እንጀራን ያስለመደው።

ሚኤሶ የመጡት ቻይናውያን ግን በውል መጥተው በውል የሚመለሱ ነበሩ። አጥር ያለው ካምፕ ነበራቸው፤ የራሳቸው አብሳይ ነበራቸው፤ የራሳቸው ጎመን በራሳቸው መደብ ይበቅል ነበር። ኩባንያ ምግብ ቤት አይከፍትም፤ ኩባንያ የሚከፍተው የሠራተኛ መመገቢያ ነው። መመገቢያ ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ መንገድ አይደለም። ወዳጄ በሦስት ዓመት የተማረውን ቻይንኛ ቆጥሮልኛል፤ “ፍጠን”፣ “ቁም”፣ “ነገ”፣ “ሲሚንቶ”፣ “ገንዘብ የለም”። የአንድም ምግብ ስም የለበትም። የሚበሉበትን ቤት በር ከውጭ ያውቀዋል፤ ውስጡን ያየው ጀነሬተር ሲያደርስ ነው።

ከፈረንሳዩ ባቡር ጋር አስተያዩት። ቅኝ ገዢ ነበር፤ ማንንም ሊወድ አልመጣም። ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ባቡሩ ሌሊት መጓዝ ስለማይችል መንገደኛ ማደር ነበረበት። ከጅቡቲ ሲመጣ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የሚያድር ሰው ይበላል፤ ስለዚህ አዋሽ ጣቢያ ላይ ቡፌ ተከፈተ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ በየጣቢያው ሱቅ ተከለ። ሚኤሶን የመሰሉ ከተሞች ከባቡሩ የበሉት ባቡሩ ዘገምተኛ ስለነበረ ነው። ሲቆም እናቶች ሳምቡሳና እንቁላል ይዘው መስኮት ለመስኮት ይሮጡ ነበር። አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ፈጣን ነው፤ ንጹሕ ነው። ጣቢያዎቹን ግን ከከተሞቹ መሐል አውጥቶ ሜዳ ላይ ተከላቸው። ትሪ ይዞ የሚሮጥበት መስኮት የለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቻይናዎቹ የማስተዳደሩን ሥራ ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን አስረክበዋል። ባቡሩን ተምረናል። ሊጡን አልተማርንም።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በካምፑ አጥር ላይ መለጠፍ አልፈልግም። እኛ እኮ ለማያውቁን መንገደኞች ሳይቀር “እንብላ” የምንል ነን፤ ያላለ ሰው ባለጌ ነው። ወዳጄን ጠየቅኩት፤ “አግዳሚያችሁ ላይ ቻይና ተቀምጦ ያውቃል?”

“አንድ ሽማግሌ ነበር” አለ። “የሙቅ ውኃ ፔርሙሱን ይዞ ይመጣና ዳር ላይ ይቆማል። ሐብሐብ ይገዛል። ልጆቹ ‘ቻይና! ቻይና!’ ይሉታል። ይስቃል፣ ይሄዳል።”

“ተቀመጥ ያለው የለም?”

“አቦ፣ ውሻ ይበላል ብለን እኮ ነው!”

ይህን ያለው የሰሊጡን ኳስ እየገመጠ ነው። ከዚያ ዝም አለ፤ ሻዩን አማሰለ።

እንግዲህ ትንሿን ቤት ለምን እንደምወቅሳት አሁን ይገባችኋል። እጇ ጥሩ ነው። ሽሪምፑን በዓሣ ብትለውጠው፣ የዝዋይ ወይም የአባያ ዓሣ ቢሆን፣ ከበረዶው ይሻላታል፤ ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር፣ ኩባንያ ሳትሆን እንደ ካምፕ ታበስላለች። ባልና ሚስቱ የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ውል የላቸውም፤ ልጃቸው አማርኛውን ከኔ ባልተናነሰ ያቀላጥፈዋል፤ ሜኑው ግን ዛሬም የሚመለስ ሰው ሜኑ ነው። ያ የሚያንቀላፋ ፎቶ ተነስቶ በአማርኛ “ሩዝ፣ ከሽሪምፕ ጋር”፣ “ፍጅል”፣ “አሳማ” ተብሎ ቢጻፍበት ምን ይጎዳል? አሳማ መሆኑ መጻፉ ማንንም አያባርርም፤ የሚያባርረው አለመጻፉ ነው። አንድ እንፋሎት ማብሰያ ለብቻው ቢለይ፣ ዶሮው ከየት እንደተገዛ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ የበሬ ሲው ማይ ቢጀመር፣ በጾም ቀን ደግሞ የፍጅሉ ቂጣ ያለ ቋሊማ ቢቀርብ (ጾመኛ እኮ የዚህ ከተማ ትልቁ ደንበኛ ነው) ስምንቱ ጠረጴዛ አይበቃም።

ሰዓቱም ልክ አይደለም። ዲም ሰም የጠዋት ነገር ነው፤ እነሱ በ6 ሰዓት ከፍተው እስከ ማታ ይሸጡታል። ሠራተኛ ምሳ ስለሚፈልግ ነው አሉኝ። ምሳ ሲሆን ደግሞ ሰው ቶሎ በልቶ መሄድ ይፈልጋል፤ ይህ ምግብ የተሠራው ለማይቸኩል ሰው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ቢከፍቱ፣ ሁለት አግዳሚ በረንዳው ላይ ቢያወጡ፣ ስኳሩን ሳይጠየቁ ቢያስቀምጡ፣ ቡና ለመጠጣት ጎዳናውን የሚያጥለቀልቀው ሕዝብ ያገኛቸዋል።

ይህን ሁሉ በልጃቸው አስተርጓሚነት ነገርኳቸው። ባልየው ራሱን ነቀነቀ፤ ተስማማ ይሁን አልተስማማ ፊቱ አይናገርም። ሚስትየዋ ስለ ሚኤሶ ጠየቀችኝ። ሙቅ ነው? ባሕር አለው? ሩዝ ይበላሉ? ወዳጄ ሦስቱንም መለሰላትና በተራው ዶሮ የት እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚያርደው ያስረዳት ጀመር፤ ልጁ ግማሹን እየዘለለ ይተረጉማል።

ሒሳቡ ሲመጣ ወዳጄ ወረቀቱን ቀምቶ አገላብጦ አየው። “በዚህ ብር ሚኤሶ ስንት ሳምቡሳ እንደሚመጣ ታውቃለህ?” አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰማንያ ላይ ሲደርስ ከፈልኩ።